ሶርና ቡናው፦ አንድ ፏፏቴ የሚተርከው ታሪክ

«ዓባይን ያላየ ምንጭ ያመሰግናል» ይላል ያገር ብሂል። በፏፏቴ ረገድ ግን ነገሩ ተገልብጦ ይገኛል፤ ዓባይን ያየ ሌላውን ሳያይ ይቀራል። የጢስ ዓባይ ፏፏቴ በመማሪያ መጻሕፍት ተሥሎ፣ በአንድ ብር ኖት ጀርባ ታትሞ፣ በቀን መቁጠሪያና በፖስት ካርድ ከቤት ወደ ቤት ሲዘዋወር ስለኖረ የአገሪቱ ፏፏቴዎች ሁሉ እንደራሴ ሆኗል። በአንጻሩ ከጅማ በስተ ምዕራብ፣ በኢሉባቦር ደን ውስጥ፣ ከ100 ሜትር ገደማ ከፍታ የሚወረወረው የሶር ፏፏቴ በቁመቱ ከጢስ ዓባይ ከእጥፍ በላይ ሆኖ ሳለ፣ ከአካባቢው ውጭ ስሙን የሚያውቀው ሰው ጥቂት ነው።

ሆኖም ሶር ለዓይን ማረፊያ ብቻ የሚታይ ስፍራ አይደለም። ፏፏቴውን የሚመግበው ዝናብ፣ ዝናቡን የሚያቁረው ደን፣ በደኑ ጥላ ሥር የሚበቅለው ቡና፣ ቡናውን እየለቀመና እየነገደ የኖረው ሕዝብ በአንድ ገመድ የተሳሰሩ ናቸው። ስለዚህም ወደ ሶር የሚደረግ የአንድ ቀን ጉዞ በቅጡ ሲስተዋል፣ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያን የመቶ ዓመት ታሪክ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚያስቃኝ ጉዞ ሆኖ ይገኛል።

ከጅማ እስከ መቱ

የጉዞው መነሻ ጅማ ነው። ከተማው ዛሬ የያዘውን መልክ ከመያዙ በፊት በስፍራው ገንኖ የሚታወቀው የሂርማታ ገበያ ነበር። ከኮረብታው ላይ፣ በጅሬን፣ የጅማ ነገሥታት ቤተ መንግሥት ቁልቁል ይመለከታል። ከ1870ዎቹ መጀመሪያ እስከ 1920ዎቹ አጋማሽ ድረስ ጅማን የገዙት ዳግማዊ አባ ጅፋር ለምኒልክ በመገበራቸውና ግብራቸውን በየዓመቱ ሳያጓድሉ በመክፈላቸው፣ ጎረቤቶቻቸው በጦር ሲወረሩ አገራቸውን ከውድመት አተረፉ። በሰላሙም ምክንያት ሂርማታ የሲራራ ነጋዴዎች መገናኛ ሆነ። ቡናው፣ ማሩ፣ ዝባዱ፣ የዝሆን ጥርሱ በዚያ ይሸጥና ይለወጥ ነበር። ከዚህ ጋር ሊሸፈን የማይገባው ሐቅ በዚያው ገበያ ሰውም እንደ ዕቃ ሲሸጥ መኖሩ ነው። የጅሬንን ግርማ የሚያደንቅ ሁሉ ያንን ግርማ ካቆሙት ትከሻዎች መካከል የባሪያው ትከሻ እንዳለበት ማስታወስ ይገባዋል።

ከጅማ ወደ ምዕራብ የሚወስደው መንገድ ገና ከከተማው ብዙም ሳይርቅ በመልኮ የቡና ምርምር ጣቢያ በኩል ያልፋል። ቀጥሎም 45 ኪሎ ሜትር ያህል እንደተሄደ አጋሮ ይገኛል። አጋሮ ከጊቤ አምስት መንግሥታት አንዱ በነበረው በጎማ ምድር የበቀለ የቡና ከተማ ነው። በጥቅምትና በኅዳር ያለፈበት መንገደኛ የቀላውን ቡና በአጎዛና በጆንያ፣ በአህያና በጭነት መኪና ሲጓጓዝ ያያል፤ በየደጁ በአልጋ ላይ የተሰጣው ቡና ጠረን መንገዱን ሙሉ ይሸኘዋል። ከአጋሮ በኋላ መንገዱ ወደ ደዴሳ ሸለቆ ወርዶ እንደገና ወደ በደሌ ደጋ ይወጣል። ከበደሌ ወደ ምዕራብ ሲታጠፍ የእርሻው ማሳ እየሳሳ፣ ደኑ እየጠበቀ ይመጣል። ያዩና ሁሩሙ ታልፈው መቱ ሲደረስ ተጓዡ አገሪቱ ካሏት እጅግ ዝናባማ ስፍራዎች በአንዱ ውስጥ ይገኛል። የዚህ ምድር ክረምት ከሌላው ቀድሞ ገብቶ ከሌላው ዘግይቶ ይወጣል።

ወደ ፏፏቴው

ከመቱ በስተ ደቡብ ምሥራቅ 13 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በቾ የምትባል አነስተኛ መንደር ትገኛለች። ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ የእግር ነው። ጎብኚው በመጀመሪያ በቆሎና እንሰት በከበቡአቸው ጎጆዎች መካከል ያልፍና ሳያስበው ከደኑ ይገባል። ከላይ የቀረሮውና የዋንዛው ቅርንጫፍ ሰማዩን ይሸፍነዋል፤ በመካከል ሐረጉ ከግንድ ግንድ ተጠላልፎ ይንጠለጠላል፤ ከሥር ደግሞ ማንም ሳይተክለው የበቀለው ቡና ቀጭን ግንዱን ወደ ብርሃኑ ስቦ ቆሟል። ጉሬዛ ከዛፍ ዛፍ ሲወረወር ነጭ ካባው እንደ ሸማ ይዘረጋል። ከትልልቆቹ ዛፎች ላይ የተሰቀለው ቀፎ ደኑ ባለቤት እንዳለው ይመሰክራል።

ፏፏቴው ከመታየቱ በፊት ይሰማል። መጀመሪያ ነፋስ በቅጠል ላይ የሚያልፍ ይመስላል፤ ቁልቁለቱ በተወረደ ቁጥር ድምፁ እየከበደ ሄዶ ንግግር ያስተጓጉላል። አፈሩ እርጥብ፣ ድንጋዩ ሙልጭልጭ ስለሆነ መንገደኛው ከሥርና ከግንድ እየተያዘ ይወርዳል። ከዚያ በኋላ ደኑ በአንድ ጊዜ ይከፈታል። ሃያ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ውሃ ከገደሉ አፍ ተነሥቶ ወደ ታች ሲወረወር ግማሹ መሬት ሳይደርስ ጉም ይሆናል። በዙሪያው ያለው ገደል ከዓመት ዓመት በሚረጨው ፍንጣቂ ሣርና ፈርን ለብሶ አረንጓዴ ነው። ፀሐይ በወጣች ጊዜ ቀስተ ደመና ከግርጌው ይተከላል። ውሃው በደንብ ሞልቶ፣ መንገዱም በመጠኑ ጠፈፍ ብሎ የሚገኘው ክረምቱ ሲወጣ ነው።

የአካባቢው ኦሮሞ ሕዝብ ይህን ስፍራ ፊንጫ ሶር ይለዋል። ወንዝና ትልቅ ዛፍ በኦሮሞ ባህል ዘንድ ተራ ነገር አይደሉም። ክረምቱ አልፎ ብራ ሲሆን ሕዝቡ እርጥብ ሣርና አበባ ይዞ ወደ ውሃ ወርዶ ፈጣሪውን የሚያመሰግንበት የኢሬቻ ሥርዓት የዚህ እምነት መግለጫ ነው። በዚህ ዓይን ሲታይ ፏፏቴን መጎብኘት ከሩቅ አገር የመጣ ልማድ አይደለም፤ ወደ ውሃ ወርዶ መመልከትና ማመስገን ከቱሪስት በፊት የነበረ ያገር ወግ ነው።

ውሃውም ቡናውም ወደ ምዕራብ

ከፏፏቴው ግርጌ የተሰበሰበው ውሃ ጉዞውን አያቋርጥም። ሶር ከገባ ወንዝ ጋር ይቀላቀላል፤ ገባ ከብርብር ጋር ተገናኝቶ ባሮ ይሆናል፤ ባሮ በጋምቤላ ሜዳ አልፎ በሶባት በኩል ከነጭ ዓባይ ይገባል። ስለዚህ ሶርን ያየ ሰው፣ ሳያውቀው፣ ዓባይን በሌላ በሩ አይቶታል ማለት ነው።

በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የኢሉባቦር ቡናም የተጓዘው በዚሁ አቅጣጫ ነበር። በ1894 ዓ.ም. በምኒልክና በእንግሊዝ መንግሥት መካከል በተፈረመው የድንበር ውል እንግሊዞች በባሮ ዳር የንግድ ጣቢያ እንዲያቋቁሙ ተፈቀደላቸው። ጋምቤላ የተባለው ይህ ጣቢያ በሱዳን መንግሥት አስተዳዳሪነት የምዕራብ ኢትዮጵያ የወንዝ ወደብ ሆነ። የግዛቱ መቀመጫ የነበረችው ጎሬም በዚሁ ንግድ ደረጀች። ከአገሬው ነጋዴ ጋር የግሪክ፣ የሶርያና የአርመን ነጋዴዎች በከተማዋ ሱቅና መጋዘን ከፈቱ። ቡናው በበቅሎና በሰው ሸክም ከጎሬ በቡሬ በኩል ወደ ጋምቤላ ቆላ ይወርዳል፤ ጨው፣ አቡጀዲና ሌላ ሸቀጥ በምላሹ ይወጣል። የቆላው በሽታ የጋማ ከብቱን ስለሚፈጅ የሸክሙ ብዙ እጅ በመጨረሻ የሚወድቀው በሰው ጫንቃ ላይ ነበር። ዛሬ በጎሬ የቆሙት አሮጌ ቤቶች የነጋዴውን ስም ሊያስጠሩ ይችላሉ፤ የተሸካሚውን ስም ግን ማንም አልመዘገበውም።

በዚህ ንግድ ውስጥ ልብ ሊባል የሚገባው አንድ ነገር አለ። የመርከቡ ወራት የክረምቱ ወራት ነበሩ። በበጋ ባሮ ስለሚጎድል ከካርቱም የሚመጣው የእንፋሎት መርከብ ጋምቤላ ሊደርስ አይችልም። በመኸር የተለቀመው ቡና በበጋ ወደ ጋምቤላ ወርዶ በመጋዘን ይከማችና የወንዙን መሙላት ይጠብቃል። እንግዲህ በደኑ ላይ የዘነበው ዝናብ ቡናውን ካበቀለ በኋላ፣ በሶርና በገባ ወርዶ፣ ባሮን ሞልቶ፣ ያንኑ ቡና በጀርባው ተሸክሞ ይወስደው ነበር። ሱዳን በ1948 ዓ.ም. ነፃ ስትወጣ የጋምቤላ ጣቢያ ዘመን አከተመ፤ የቡናውም መንገድ ፊቱን አዙሮ በመኪና ወደ ጅማና ወደ አዲስ አበባ ሆነ። ውሃው ብቻ በቀድሞ መንገዱ ቀረ።

የጎሬ ወራት

ይህ የደን ምድር በአገሪቱ የነፃነት ታሪክም የራሱ ምዕራፍ አለው። በ1928 ዓ.ም. የፋሽስት ጦር አዲስ አበባን በያዘና ንጉሠ ነገሥቱ ከአገር በወጡ ጊዜ፣ የኢትዮጵያ መንግሥት ፈጽሞ አልጠፋም የሚያሰኝ ምልክት የቀረው በጎሬ ነበር። በቢትወደድ ወልደ ጻድቅ ጎሹ የሚመራ ጊዜያዊ አስተዳደር በዚያ ተቋቋመ። ልዑል ራስ እምሩም ከሰሜን ጦር ግንባር ተመልሰው ወደ ጎሬ ገቡ። ከወጣት የጦር መኰንኖችና ከተማሩ ሰዎች የተውጣጣው የጥቁር አንበሳ ማኅበርም በነቀምቴ ተደራጅቶ ከእርሳቸው ጋር ተባበረ።

ተስፋው ግን ብዙ አልዘለቀም። ክረምቱ የጠላትን ጦር ለጥቂት ወራት ቢያግደውም፣ በጋው ሲገባ ጎሬ በኅዳር 1929 ዓ.ም. ተያዘች። ራስ እምሩ ወደ ከፋ አቅጣጫ ሲያፈገፍጉ በታኅሣሥ በጎጀብ ወንዝ አጠገብ ተከበው እጃቸውን ለመስጠት ተገደዱና ወደ ኢጣልያ ለእሥር ተወሰዱ። ከአምስት ዓመት በኋላ የዕጣው ጽዋ ተገለበጠ። ጅማ በሰኔ 1933 ዓ.ም. ነፃ ስትወጣ ከዚያ ያፈገፈገው የጄኔራል ጋዜራ ጦር በዚሁ የቡና መንገድ ወደ ምዕራብ ሸሸ። በመጨረሻም በዚያው ወር መገባደጃ ላይ በደምቢ ዶሎ በኩል ከቤልጂግ ኮንጎ ለመጣው ጦር እጁን ሰጠ። የዚያ ጦር ተራ ወታደሮች ኮንጎዎች ነበሩ። በራሳቸው አገር ነፃነት ያልነበራቸው አፍሪካውያን ባሮን ተከትለው መጥተው ለኢትዮጵያ ነፃነት ደማቸውን ማፍሰሳቸው በመማሪያ መጻሕፍት ከተሰጠው ቦታ የላቀ ሊሰጠው የሚገባ ታሪክ ነው።

የደኑ ሕግ

የኢሉባቦርና የጅማ ደን ከውጭ ለሚያየው ባለቤት የሌለው ዱር ይመስላል። ሐቁ ግን ሌላ ነው። በእነዚህ አካባቢዎች ቆቦ የሚባል የቆየ የደን ይዞታ ሥርዓት ነበር። በዚህ ሥርዓት አንድን የደን ክፍል አስቀድሞ ያቀና ሰው በዚያ ክልል ውስጥ ቀፎ የመስቀልና ቡና የመልቀም መብት ይኖረዋል፤ መብቱም ለልጆቹ ይተላለፋል። ባለቆቦው ዛፉን ቢቆርጥ ቀፎ መስቀያውን ያጣል፤ ጥላው ቢጠፋ ቡናው ይጠወልጋል፤ አበባው ቢጠፋ ንቡ ይሰደዳል። ስለዚህ ጥቅሙ ራሱ ዘብ ይሆነዋል። ሥርዓቱ እኩልነት የሰፈነበት ነበር ለማለት አይቻልም፤ ቆቦ ያለውና የሌለው፣ ባላባትና ገባር ነበሩና። ነገር ግን ደኑ ሳይመነጠር ለትውልድ እንዲተላለፍ ያደረገ የሕዝብ ጥበብ እንደነበረበት ሊካድ አይችልም።

በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሆኖ ሲታወጅ ገባሩ ከባላባቱ ቀንበር ተላቀቀ። በዚያው መጠን ግን ደኑ የመንግሥት ሆነና የቆቦው ሥርዓት የሕግ መሠረቱን አጣ። ጠባቂው ከሩቅ፣ ምሳሩ ከቅርብ ሆነ። በ1977ና በ1978 ዓ.ም. ደግሞ ከወሎ፣ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ በድርቅ የተጎዱ ወገኖች ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ እንዲሰፍሩ ተደረገ፤ በአገር አቀፍ ደረጃ ቁጥራቸው ወደ 600,000 ይጠጋ ነበር። ከእነዚህ መካከል ብዙዎች ሳይፈቅዱ የመጡ ናቸው፤ ከዘመድ ተለያይተዋል፤ በማያውቁት የአየር ጠባይ በበሽታ ወድቀዋል። እህል የሚዘራ ሕዝብ ወደ ደን ሲገባ መጀመሪያ የሚያደርገው መመንጠር ነውና ደኑም በብዙ ስፍራ ሳሳ። ጥፋቱን በሰፋሪው ላይ መጣል ግን ፍርደ ገምድልነት ነው። የተራበ ሰው ከደን በፊት ለልጁ ጉሮሮ ያስባል፤ ሰውን ሲያሰፍር የደኑን ሕግ ከነባሩ ሕዝብ ጠይቆ መረዳት የነበረበት አስፋሪው ነበር።

ከመቱ ደን የተገኘው መድኃኒት

የደኑ ዋጋ ምን ያህል እንደሆነ በግልጽ የታየው በቡና በሽታ ዘመን ነው። የቡና ፍሬውን ገና በእንጭጩ አጥቁሮ የሚያረግፈው በሽታ በኢትዮጵያ የታወቀው በ1963 ዓ.ም. ገደማ ነበር። በሽታው በጥቂት ዓመታት ውስጥ በቡና አብቃይ ክፍላተ ሀገር ተዛምቶ ገበሬውን አስጨነቀ። በየማሳው መድኃኒት መርጨት ከአነስተኛ ገበሬ አቅም በላይ ስለሆነ ተመራማሪዎች ፊታቸውን ወደ ደኑ መለሱ። ነገሩ በቀላል ትዝብት ላይ የተመሠረተ ነበር፦ በሽታው ዙሪያውን ሲያጠፋ አንዳንድ ዛፎች ጤናማ ፍሬ ተሸክመው ይገኛሉ። እነዚህ ዛፎች እየተፈለጉ፣ ፍሬያቸው እየተሰበሰበ፣ በመልኮ ተዘርተው ተፈተኑ።

በፈረንጆች 1974 ከመቱ አካባቢ፣ ቢሻሪ ከተባለው ስፍራ፣ ከተሰበሰቡት መካከል 74110ና 74112 የሚል ቁጥር የተሰጣቸው ዝርያዎች ይገኙባቸዋል። ከቁጥሩ መጀመሪያ ያሉት 74 ዓመቱን ያመለክታሉ። ዝርያዎቹ በሽታውን መቋቋማቸው ተረጋግጦ በ1971 ዓ.ም. ለገበሬው ተለቀቁ። ከዚያ ወዲህ ከጅማና ከኢሉባቦር አልፈው እስከ ጌዴኦና ጉጂ ድረስ ተተከሉ። በዓለም የቡና ገበያ ዘንድም በቁጥራቸው ሲጠሩ የሚታወቁ ሆነዋል። ሶርን የሚያጠጣው ዝናብ ያበቀለው፣ ማንም ያልተከለው የመቱ ቡና የአገሪቱን ቡና ከጥፋት ለማዳን ከዋሉት መድኃኒቶች አንዱ ሆነ ማለት ነው። በዚያን ጊዜ ያ ደን ተመንጥሮ ቢሆን ኖሮ መድኃኒቱም አብሮ በተመነጠረ ነበር።

ፏፏቴው ክር እንዳይሆን

ውሃን ለኃይል መጠቀም ከልማት አንዱ ነው። በሶር ወንዝ ላይ በ1980ዎቹ መጀመሪያ 5 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ አነስተኛ ጣቢያ ተሠርቶ መቱን፣ ጎሬንና አካባቢያቸውን አብርቷል። በጨለማ ይኖር ለነበረው ሕዝብ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ዳሩ ግን ልማትና ውበት ሚዛናቸው ሲዛባ ምን እንደሚከተል የጢስ ዓባይ ዕጣ ያስተምራል። በጢስ ዓባይ በ1956 ዓ.ም. የተሠራው የመጀመሪያው ጣቢያ አነስተኛ ስለነበረ ፏፏቴው ብዙም አልተነካም ነበር። በ1993 ዓ.ም. 73 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ሁለተኛው ጣቢያ ሲጨመር ግን ውሃው ወደ ቦዩ ተጠለፈ፤ ጢሱ ከሩቅ ይታይ የነበረው ፏፏቴም በበጋ ወራት እንደ ክር ቀጥኖ ታየ። ከሩቅ አገር የመጣው ጎብኚ ሥዕሉን በእጁ ይዞ ከባዶ ገደል ፊት ቆመ።

የሶር አደጋ ግን ከቦይ ይልቅ ከምሳር የሚመጣው ይብሳል። የደን አፈር ዝናቡን እንደ ሰፍነግ መጥጦ በበጋ ጥቂት በጥቂት ያፈሰዋል። ደኑ ሲመነጠር ዝናቡ በአንድ ጊዜ ጎርፍ ሆኖ ይወርዳል፤ አፈሩን ይዞ ይሄዳል፤ በበጋ ምንጩ ይነጥፋል። «ውሃ ሲወስድ አሳስቆ አሳስቆ» የሚባለው እንዲህ ያለውን አዝጋሚ ጥፋት ነው። ዛሬ አንድ ዛፍ፣ ነገ አንድ ጋሻ እየተባለ የሚሄደው ነገር ልብ ሳይባል ፏፏቴውን የሚያደርስበት ቀን ይኖራል።

ይህን ለመግታት የተደረገ ጥረት የለም ማለት አይደለም። በገባ ወንዝ ዳርና ዳር የሚገኘው የያዩ የቡና ደን፣ 167,021 ሄክታር ስፋት ያለው፣ በሰኔ 2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የሕይወታዊ ክልሎች መዝገብ ተመዘገበ፤ የከፋ ደንም በዚያው ዓመት ተመዘገበ። የአመዘጋገቡ ሐሳብ ሰውን ከደኑ ማስወጣት አይደለም። መካከሉ ለዱር ቡናው ይተዋል፤ በዙሪያው ያለው ክፍል ለለቃሚውና ለንብ አርቢው ይሆናል፤ ከዚያ ውጭ ያለው ለእርሻና ለመኖሪያ ይውላል። በጅማ ዞን በበለጤ ገራ ደንም ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ገበሬው ራሱ ተደራጅቶ ደኑን እየጠበቀ የሚጠቀምበት አሠራር ተሞክሯል። ይህ አሠራር በጥሞና ሲታይ የቆቦው ጥበብ በአዲስ ስም መመለሱ ነው፤ ልዩነቱ መብቱ የጥቂት ቤተሰብ ሳይሆን የማኅበሩ መሆኑ ነው። በሌላ ወገን ደግሞ በያዩ ከድንጋይ ከሰል ማዳበሪያ ለማምረት በ2004 ዓ.ም. የተጀመረው ታላቅ ፋብሪካ ብዙ ገንዘብ ፈስሶበት ለዓመታት ሳይጠናቀቅ ቆይቷል። አንድ ወረዳ በአንድ ዘመን ውስጥ የዩኔስኮ ሕይወታዊ ክልልም የከሰል መቆፈሪያም እንዲሆን መታሰቡ፣ ስለ ደኑ የጸና አቋም ገና አለመወሰዱን ያሳያል።

በዚህ ረገድ የመምህሩና የከያኒው ድርሻ ከደን ጠባቂው ድርሻ አያንስም። ሰው የሚሳሳለት የሚያውቀውን ነው። ጢስ ዓባይ ሲጎድል አገር ያዘነው ከልጅነቱ ጀምሮ በሥዕል ስላወቀው ነው፤ ሶር ቢጎድል ግን ከበቾ መንደር ውጭ የሚያዝንለት እንዳይጠፋ ያሰጋል። የጂኦግራፊ መምህር የባሮን መነሻ ሲያስተምር ሶርን ቢጠራ፣ የታሪክ መምህር የጎሬን ወራትና የኮንጎዎቹን ወታደሮች ቢያነሣ፣ ሠዓሊው ሸራውን ይዞ ያንን ቁልቁለት ቢወርድ፣ ደራሲው የቡና ለቃሚዋንና የባሮን ተሸካሚ ኑሮ በድርሰቱ ቢያወጣ፣ ፏፏቴው ከዘበኛ የጸና አጥር ያገኛል። ጅማ፣ አጋሮ፣ በደሌና መቱ ያሉ ትምህርት ቤቶች ተማሪዎቻቸውን በዓመት አንድ ቀን እንኳ ወደ ደኑ ቢወስዱአቸው፣ ልጆቹ በየማለዳው በቤታቸው የሚፈላው ቡና ከየት እንደመጣና ከምን ጋር አብሮ እንደሚኖር በዓይናቸው ያያሉ። የመቱ ደን በ1960ዎቹ ለቡናው መድኃኒት የሰጠው ቆሞ ስለተገኘ ነበር። የሚቀጥለው በሽታ በመጣ ጊዜም ቆሞ እንዲገኝ ማድረግ የዚህ ትውልድ ዕዳ ነው።